ሹፌሩና ደዋዩ

አብርሃም ከአቢሜሌክ ጋር ቃል ኪዳን የገባባት፣ የውሃ ጉድጓድም የቆፈረባት ቤርሳቤህ፣ ዛሬ ቤር ሼቫ ብለን የምንኖርባት ከተማ፣ በጥንቱ ዘመን ለእረኛና ለሲራራ ነጋዴ መገናኛ እንደ ነበረች ሁሉ፣ በዘመናችንም የኔጌቭ በረሓ ጭነት የሚያልፍባት በር ናት። 40 ቁጥር መንገድ ከሰሜን መጥቶ፣ ከተማዋን ተሻግሮ፣ በኔኦት ሖቫቭ የኢንዱስትሪ ቀጠና በኩል ወደ ሚጽፔ ራሞን ይወርዳል፤ 25 ቁጥር ወደ ዲሞናና ወደ ዓረባ ሸለቆ ያመራል፤ በለሃቪም መገናኛ የሚያልፈው 31 ቁጥር ደግሞ ወደ ዓራድና ወደ ጨው ባሕር ያደርሳል። በእነዚህ መንገዶች ላይ ፎስፌት፣ ኬሚካል፣ አሸዋና ጠጠር፣ ሲሚንቶና የሱፐርማርኬት ሸቀጥ የጫኑ ማሳኢቶች፣ ማለትም የጭነት መኪናዎች፣ ቀንና ሌሊት ይመላለሳሉ። ከተማዋ በዕብራይስጥ ፊደላት ከሰየመቻቸው ሰፈሮች የመጀመሪያዋ በሆነችው በሽኩና አሌፍ የሚኖረው ከኢትዮጵያ የመጣው ወገናችን ከእነዚህ መኪናዎች ጋር በሁለት በኩል የተሳሰረ ነው፤ ወይ ልጁ፣ ወንድሙ ወይም የልጁ ባል ከመሪው ኋላ ተቀምጦ እንጀራውን ይበላበታል፣ ወይ እሱ ራሱ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ መንገድ ሲሻገር ፊት ለፊት ይገናኛቸዋል።

ስለዚህ የከባድ መኪና ሹፌር ዝንጋዔ ለእኛ የሩቅ ሰው ጉዳይ አይደለም። ዝንጋዔ የምለው ሹፌሩ ጠጥቶ ወይም በእንቅልፍ ተሸንፎ የሚያደርሰውን ጥፋት ሳይሆን፣ ጤነኛና ንቁ ሆኖ ሳለ ዓይኑ፣ እጁ ወይም ልቡናው ለጥቂት ቅጽበት መንገዱን ትቶ ወደ ሌላ ጉዳይ የሚሰደድበትን ሁኔታ ነው። ይህ ሲነገር ወቀሳው ሁሉ በሹፌሩ ራስ ላይ ብቻ ሲወርድ ዘወትር እሰማለሁ፤ እሱ ከኃላፊነት ነጻ ነው ለማለት ከቶ አልደፍርም። ነገር ግን በስልክ የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች ናቸውና፣ አንደኛው በ40 ቶን ብረት ላይ ተቀምጦ ሲበር፣ ሌላው በቢሮው ወንበር ወይም በቤቱ ሶፋ ላይ ተደላድሎ «የት ደረስክ?» የሚለው፣ ይህ ሁለተኛው ሰው በነገሩ ውስጥ ያለውን ድርሻ ሳንመረምር ስለ አደጋው የምንናገረው ሁሉ ጎደሎ ሆኖ ይቀራል።

አስቀድሜ የአደጋውን መጠን ላስረዳ፤ ዓመታቱንና ቀኖቹን ሁሉ እዚህ በምንሠራበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። በ2009 በአሜሪካ የቨርጂኒያ ቴክ የትራንስፖርት ምርምር ተቋም፣ በብዙ ከባድ መኪናዎች ጋቢና ውስጥ ካሜራ ተክሎ ሹፌሮቹ በዕለት ሥራቸው ላይ እያሉ የሆነውን ሁሉ ከተመለከተ በኋላ፣ በስልኩ መልእክት የሚጽፍ ወይም የሚያነብ ሹፌር አደጋ ላይ የመውደቅ ወይም ከአደጋ አፋፍ የመድረስ ዕድሉ መንገዱን ብቻ ከሚያይ ሹፌር በ23 እጥፍ እንደሚበልጥ አስታወቀ። ቁጥር መደወል ብቻውን እንኳ አደጋውን ወደ 6 እጥፍ ያደርሰዋል። መልእክት መጻፍ ከሁሉ የሚከፋው፣ የሚጽፈው ሰው ከ6 ሴኮንድ ውስጥ 4.6 ሴኮንድ ያህል ዓይኑ ከመንገዱ ላይ ስለሚነሣ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በእያንዳንዱ ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ሹፌሩ አንዲት አጭር መልስ ጽፎ ቀና እስኪል ድረስ ያ ግዙፍ ፍጡር የአንድ እግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ያለ ተመልካች አቋርጧል ማለት ነው።

ቀና ካለ በኋላም ነገሩ አያበቃም። አደጋውን አስተውሎ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ወደ ፍሬን እስኪያዛውር አንድ ሴኮንድ ያልፋል፤ የከባድ መኪና ፍሬን በአየር ግፊት የሚሠራ ስለሆነ አየሩ በቧንቧው ተጉዞ ጎማዎቹን እስኪይዝ ደግሞ ጥቂት ይዘገያል፤ ከዚያ በኋላ በደረቅ አስፋልት ላይ እንኳ መኪናው እስኪቆም 50 ሜትርና ከዚያም በላይ ይንሸራተታል። ትንሿ የቤት መኪና አንድ ቶን ተኩል ያህል ስትመዝን ሙሉ ጭነት የያዘው ሰሚትሬለር 40 ቶን ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህም ሁለቱ ሲገናኙ የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

ጎረቤቴ የሆነ ሹፌር፣ ከጎንደር ገጠር በሕፃንነቱ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የወጣ ሰው፣ ዓርብ ረፋድ ላይ ሰንበት ሳይገባ መኪናውን ዳር ይዞ አቁሞ ሳለ፣ ስለዚህ ነገር ልጽፍ ማሰቤን ስነግረው «ይውጡ ጋሼ፣ ከላይ ሆነው ይዩት» ብሎ በሩን ከፈተልኝ። ደረጃውን ቆንጥጬ ወጣሁና ከጎኑ ተቀመጥሁ። ከመሪው በስተ ቀኝ በመያዣ ላይ የተሰካው ስልክ ዌይዝ ከፍቶ መንገድ ያሳያል፤ ከእሱ ዝቅ ብሎ ኩባንያው የሰጠው ሁለተኛ ስልክ አለ፣ ሳድራኑ ማለትም የስምሪት ሰጪው ትእዛዝ የሚመጣው በዚህ ነው፤ ደንበኞች ዕቃ መረከባቸውን የሚፈርሙበት ታብሌት በኤሌክትሪክ ገመድ ተንጠልጥሏል፤ የኋላውን የሚያሳይ ስክሪን፣ ወደ ፊተኛው መኪና ሲጠጋ የሚጮኸው መሣሪያ፣ በጸሐይ መከላከያው ሥር የተሸጎጡ የጭነት ወረቀቶች፣ በፎይል የተጠቀለለ ፍትፍት፣ ግማሽ ድረስ የተጠጣ ቡና፣ በከረጢት ያለ የሱፍ ፍሬ፤ ሁሉም እጁ በሚደርስበት ቦታ ነበሩ።

ከዚያ የስምንት ዓመት ልጁን ጠርቶ ከመኪናው አፍንጫ ፊት እንዲቆም አዘዘው። ልጁ ቆመ። እኔ ግን ከላይ ሆኜ አስፋልቱን እንጂ ልጁን አላየሁትም፤ ፀጉሩ እንኳ አይታይም። «እጅህን አንሣ!» ሲለው የጣቶቹ ጫፍ ብቻ ከመስተዋቱ ግርጌ ብቅ አለ። አባቱ በቀኝ በኩል ከፍ ብሎ ወደ ተሰቀለችው ክብ መስታወት ጠቆመኝ፤ በእሷ ውስጥ የልጁ ምስል ተጣምሞ ይታያል። «ከመነሣቴ በፊት እሷን ካላየሁ፣ እሱ የለም ማለት ነው» አለኝ። እዚያው ተቀምጠን ሳለን የኩባንያው ስልክ ጮኸ፤ ሳድራኑ የእሑድ ጭነት ሰዓቱ እንደ ተለወጠ ተናገረ። እሱ ሳይዘጋ አንድ ደንበኛ በሌላው ስልክ መጣ። ቀጥሎ የሹፌሩ እናት። መኪናው የቆመ በመሆኑ አንድም ክፉ ነገር አልደረሰም፤ እኔ ግን ያቺን ክብ መስታወት ለማየት የምትበቃው አንዲት ሴኮንድ ከሦስቱ ደዋዮች በአንዱ ተወስዳ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ ወረድሁ።

እንግዲህ በዚህ ጋቢና ውስጥ ምን እንደ ጎደለ ለመረዳት የአገር ቤቱን መኪና ማስታወስ ይበቃል። በኢትዮጵያ ተሳቢ ይዞ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወይም በዓባይ በረሓ የሚወርድ ሹፌር ብቻውን አይጓዝም፤ በቀኙ ረዳት አለው። ረዳቱ መኪናው ሲቆም ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይሸጉጣል፤ ጎማውን በብረት እየመታ ድምፁን ያዳምጣል፤ ወደ ኋላ ሲሄድ ከውጭ ሆኖ «ና፣ ና፣ በቃ!» ይላል፤ በኬላ ላይ ወረቀት ያሳያል፤ ሹፌሩ ሲርበው ጉርሻ ያጎርሰዋል፤ ስልኩ ሲጮኽ አንሥቶ «እየነዳ ነው፣ ስንቆም ይደውላል» ብሎ ይመልሳል። ዳገቱ ሲከፋ፣ ጉም መንገዱን ሲሸፍን፣ ከፊት መንጋ ሲገባ ጨዋታውን በራሱ ጊዜ ያቋርጣል፤ ማንም ዝም በል ሳይለው ዝም ይላል፣ እሱም የሚያየው ያንኑ መንገድ ነውና።

የአገር ቤቱ መንገድ የሚወደስ ነው ማለቴ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ሕዝቡ ሲኖትራክ ለተባለው የጭነት መኪና «ቀይ ሽብር» የሚል ስም ያወጣለት በደስታ አልነበረም፤ ጫት እየቃመ ሌሊቱን የሚነዳው፣ ለአንድ ተጨማሪ ጉዞ ሲል ነፍሱንም የሌላውንም ነፍስ የሚያስይዘው ሹፌር ብዙ ቤት አዝግቷል። ነገር ግን የረዳቱን ምሥጢር ልብ ይሏል። እዚህ በእስራኤል ሹፌሩ ብቻውን ነው፤ ረዳቱ ከጋቢናው ወጣ፣ የረዳቱ ሥራ ግን ከጋቢናው አልወጣም፤ መንገድ መጠየቁ፣ ወረቀት መፈረሙ፣ ደንበኛን ማነጋገሩ፣ ለአለቃ ማስታወቁ ሁሉ በስልክ በኩል ተጠቅልሎ በአንዱ ሹፌር ዓይንና እጅ ላይ ወደቀ። ባለሀብቱ የአንድ ሰው ደመወዝ አተረፈ፤ ሹፌሩ ግን በአንድ ራስ የሁለት ሰው ሥራ ተሸከመ። እኔ እንደማየው የዝንጋዔው ሥር እዚህ ላይ ነው፤ በሹፌሩ ጠባይ ብቻ ሊመካኝ አይገባውም።

ይህን የሚያጠናክር ነገር ከሊቃውንቱም ዘንድ አለ። የዩታ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዴቪድ ስትሬየርና ባልደረቦቹ በመኪና ማስመሰያ መሣሪያ ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ ሰው በዲቡሪት፣ ማለትም እጁን ሳያስይዘው በድምፅ ማጉያ፣ ሲነጋገር እንኳ ዓይኑ በቀጥታ ያረፈበትን ነገር ልቡናው ሳይመዘግበው እንደሚያልፍ አረጋገጡ፤ ዓይን ያያል፣ ልብ ግን አያስተውልም። በ2008 ባወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ በስልክ ከሚነጋገር ሹፌርና አጠገቡ ከተቀመጠ ወዳጁ ጋር ከሚነጋገር ሹፌር ማንኛው እንደሚስት አነጻጸሩ። ሁለቱም ከአውራ ጎዳናው በታወቀ መውጫ እንዲወጡ ተነግሯቸው ነበር፤ በስልክ ከሚነጋገሩት ብዙዎቹ መውጫውን አልፈው ሄዱ፣ ወዳጅ አጠገባቸው የተቀመጠው ግን አብዛኞቹ በደኅና ወጡ። አጠገብ ያለው ሰው መንገዱን ስለሚያይ ነገሩ ሲከብድ ዝም ይላል፣ መውጫው ሲቃረብም ያስታውሳል። ከሩቅ የሚደውለው ግን ከፊት ያለውን አያይምና፣ ፍሬን መያዝ በሚገባበት ቅጽበት ላይ ጥያቄ ይጠይቃል።

ለእውነት ለመመስከር ያህል፣ ሊቃውንቱ በሁሉ ነገር አንድ ቃል አይደሉም። ከላይ የጠቀስሁት የቨርጂኒያው ጥናት እጅ በማያስይዝ መሣሪያ መነጋገር ብቻውን በከባድ መኪና ሹፌሮች ላይ አደጋን ሲጨምር አላገኘም፤ ያከፋው ዓይንን ከመንገዱ የሚያነሣው ነገር ሁሉ ነው። በረጅሙና በማያልቀው የዓረባ መንገድ ላይ ሌሊት ብቻውን ለሚነዳ ሰው የወንድሙ ድምፅ ከእንቅልፍ ሊጠብቀው እንደሚችል ሹፌሮቹም ይነግሩኛል፤ አምናቸዋለሁ። ነገር ግን ጨዋታ አንድ ነገር ነው፣ ሒሳብ የሚያሠራ፣ ወረቀት የሚያስፈልግ፣ ቁጣ የሚቀሰቅስ ወይም ቁጥር የሚያስጽፍ ጥሪ ሌላ ነው። ሳድራኑ «የወረቀቱን ቁጥር አንብብልኝ» ሲል የሹፌሩን ዓይን እየጠየቀ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ጥፋቱ ምን እንደሚመስል ሁለት ታሪኮች ይበቃሉ። መጋቢት 26 ቀን 2010 በአሜሪካ በኬንታኪ ግዛት በመንፈርድቪል ከተማ አጠገብ፣ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር በስልኩ ተጠምዶ ሳለ መኪናው የመንገዱን አካፋይ ሰብሮ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ተሻገረና፣ ወደ ሠርግ የሚጓዙ ሜኖናይት የተባሉ የክርስቲያን ወገኖችን ከጫነ ቫን ጋር ተጋጨ። ሹፌሩን ጨምሮ 11 ሰዎች ሞቱ፤ ከቫኑ የተረፉት ሁለት ሕፃናት ብቻ ነበሩ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ምርመራውን ሲጨርስ በ2011፣ የንግድ መኪና ሹፌሮች በእጅ የሚያዝም ሆነ የማይያዝ ስልክ እየነዱ ከቶ እንዳይጠቀሙ የሚከለክል ሕግ እንዲወጣ አሳሰበ።

ሁለተኛው በእንግሊዝ አገር በኤ34 መንገድ ላይ ነሐሴ 10 ቀን 2016 የደረሰው ነው። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በስልኩ ሙዚቃ ሲመርጥ ሳለ ከፊቱ ቆመው የነበሩትን መኪናዎች ሳያይ ገብቶባቸው አንዲት ሴትና ሦስት ልጆች ሞቱ፤ እሱም 10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ከዚህ ታሪክ ልቤን ያቆሰለው ግን ሹፌሩ ከአደጋው ጥቂት አስቀድሞ፣ እየነዳ ስልክ እንደማይነካ ለአሠሪው በፊርማው ቃል የገባ ሰው መሆኑ ነው። ይህ በሰፈራችን ላሉ አሠሪዎች ጭምር ትልቅ ተግሣጽ ነው፤ ሹፌሩን ወረቀት አስፈርሞ በመሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ አለቃ ሥራውን ፈጽሟል ማለት አይቻልም።

በአጠገባችንም የከባድ መኪና ክብደት ምን እንደሚያደርግ አይተናል። የካቲት 3 ቀን 2015 በ31 ቁጥር መንገድ ላይ፣ ከለሃቪም መገናኛ አካባቢ፣ ከኢየሩሳሌም ጸሎት አድርሰው ወደ ቤዱዊኖች መኖሪያ ወደ ሑራ የሚመለሱ ሴቶችን የያዘ አውቶቡስ የእርሻ መሣሪያ ከጫነ ማሳኢት ጋር ተጋጭቶ 8 ሴቶች ሞቱ። ይህን የማነሣው ስለ ስልክ ለመናገር ሳይሆን፣ የእነዚያ ቤዱዊን እናቶች መንገድ እኛ ወደ ዓራድ ለሠርግና ለልቅሶ የምንሄድበት መንገድ ስለ ሆነ፣ ከባድ መኪና በሚያልፍበት ሥፍራ አንዲት ስሕተት ለአንድ መንደር ሙሉ ሐዘን እንደምትሆን ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ ደዋዮቹ ልመለስ። የመጀመሪያው አለቃው ወይም ሳድራኑ ነው፤ እሱ የሚደውለው ደንበኛ ስለሚያስቸኩለው ነው፣ ደንበኛውም የሚያስቸኩለው መደርደሪያው ባዶ ስለሚሆንበት ነው፤ እያንዳንዱ የየራሱ ምክንያት አለው። ዛሬ መኪናው የት እንዳለ በሳተላይት የሚያሳይ መሣሪያ በብዙ ኩባንያዎች ተተክሎ ሳለ፣ ሳድራኑ ስክሪኑን አይቶ ሊያውቀው የሚችለውን ነገር ሹፌሩን በመጠየቅ ለማወቅ መፈለጉ ግን ምክንያት ሊባል አይችልም፤ ልማድ ነው።

ሌላው ደዋይ ቤተሰብ ነው፤ ስለ እሱ መጻፍ ያስጨንቀኛል፣ ምክንያቱም የሚደውለው በክፋት ሳይሆን በችግርና በፍቅር ነውና። በማኅበረሰባችን ዕብራይስጥ ማንበብ የማይችሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ብዙ ናቸው። እናት ወደ ኩፓት ሖሊም፣ ማለትም ወደ ጤና መድኅን ክሊኒኳ፣ ትሄዳለች፤ ዶክተሩ የሚላትን ሳትረዳ ትቀርና ስልኳን አውጥታ ለልጇ ትደውላለች፣ «እንካ፣ አነጋግረው» ብላም ስልኩን ለዶክተሩ ትሰጠዋለች። ልጅየው በዚያ ሰዓት በ40 ቁጥር መንገድ ላይ 30 ቶን ጠጠር ይዞ ይሆናል። ዶክተሩ በዕብራይስጥ ስለ ደም ግፊትና ስለ መድኃኒት መጠን ይነግረዋል፤ እሱ ሰምቶ በልቡ ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ እናቱ ትጠይቃለች፣ እሱ ደግሞ ወደ ዕብራይስጥ ይመልሳል። ማስተርጎም ልቡናን እጅግ ከሚያደክሙ ግብሮች አንዱ ነው፤ በዚያ ላይ የእናት ጤና ጉዳይ ነው። ዓይኖቹ በመንገዱ ላይ ቢሆኑም ልቡናው በእናቱ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ጎረቤቴን «እንዲህ ስትደውል ምን ትላታለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «እናቴ ናት፣ ጋሼ፤ ምን ልበላት?» አለ።

ሊላት የሚችለው ነገር ግን አለ። የጤና ሚኒስቴር የስልክ አስተርጓሚ አገልግሎት አማርኛም ያስተናግዳል፤ ብዙ ወገኖቻችን ባሉባቸው ክሊኒኮችም አማርኛ የሚናገሩ አገናኞች፣ ሜጋሽሪም የምንላቸው፣ የሚሠሩበት ልማድ ከተጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ታማሚው አስተርጓሚ ይምጣልኝ ብሎ መጠየቅ አሳፋሪ አይደለም፤ የሚያሳፍረው ዶክተሩ በሽተኛው በልጁ ስልክ እንዲተረጎምለት ልማድ አድርጎ መያዙ ነው። ከዚህም በላይ ቀጠሮ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ስለ ሆነ፣ ልጅ ከመነሣቱ በፊት ማታውን ከእናቱ ጋር ተቀምጦ የምትጠይቀውን በወረቀት ጽፎ ሊሰጣት ይችላል። የኩፓት ሖሊምም ሆነ የቢቱዋሕ ሌኡሚ (የብሔራዊ መድን) ደብዳቤ ደግሞ እስከ ማታ ቢቆይ አንዳች አይጎድልበትም።

ስለ ሕጉ በአጭሩ ልናገር። በእስራኤል የትራፊክ ደንብ ከ1961 ጀምሮ እየተሻሻለ የመጣ ሲሆን፣ መኪና በእንቅስቃሴ ላይ ሳለ ስልክ በእጅ መያዝንም መልእክት መጻፍንና ማንበብንም ይከለክላል፤ መነጋገር የሚፈቀደው በዲቡሪት ብቻ ነው። ያጠፋ ሹፌር ገንዘብ ይቀጣል፣ ነጥብም ይመዘገብበታል፤ ነጥቡ 12 ሲደርስ ትምህርት ይታዘዝበታል፣ 36 ሲደርስ መንጃ ፈቃዱን ለሦስት ወር ያጣል። የከባድ መኪና ሹፌር በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ፣ ከ4 ሰዓትም በኋላ ግማሽ ሰዓት እንዲያርፍ የሚያዝ ደንብም አለ፤ ያ ዕረፍት ደዋዮቹ ሁሉ መልስ የሚያገኙበት ጊዜ ሊሆን በተገባው ነበር። በአሜሪካ ግን በ2012 መግቢያ ላይ የጸናው ሕግ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዷል፤ በእጁ ስልክ ይዞ የነዳውን የንግድ መኪና ሹፌር እስከ 2,750 ዶላር ሲቀጣ፣ ይህን እንዲያደርግ የፈቀደውን ወይም ያስገደደውን ኩባንያ ደግሞ እስከ 11,000 ዶላር እንዲቀጣ ወሰነ። የአለቃው ቅጣት የሹፌሩ አራት እጥፍ እንደ ነበረ አስተውሉ። እኔ ይህን ፍርድ ትክክል ነው እላለሁ።

ፍርዱ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ቀሳውስታችን በግእዝ ሲያነቡልን ካደግንበት ኦሪት ውስጥ አለ። በዘጸአት 21ኛው ምዕራፍ በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል በሬው እንዲወገር፣ ባለቤቱ ግን ንጹሕ እንዲሆን ተደንግጓል፤ በሬው አስቀድሞ ተዋጊ እንደ ነበረ ለባለቤቱ ተነግሮት ሳለ ሳይጠብቀው ቀርቶ እንደ ሆነ ግን ባለቤቱም በደሙ ይጠየቃል። መለያው ማወቅ ነው። ዛሬ በመሪ ላይ ያለን ሰው በስልክ መጥራት ሊገድል እንደሚችል ያልተነገረው አሠሪ የለም፤ ሊቃውንት ተናግረዋል፣ መንግሥታት ደንግገዋል፣ ፍርድ ቤቶች ፈርደዋል። ተነግሮት ሳለ የሚደውል፣ መልስ ስላዘገየ ሹፌሩን የሚቆጣ፣ «ለምን አላነሣህም?» ብሎ የሚወቅስ አለቃ በኦሪቱ ሚዛን የሁለተኛው በሬ ባለቤት ነው።

ስለዚህ ማሳኢት ለምታሰማሩ ሁሉ የምለምናችሁ፣ ለሹፌሮቻችሁ «እየነዳችሁ ስልክ አታንሡ» ብላችሁ እንድታዙ ብቻ አይደለም፤ ስላላነሡ እንዳትቆጡ፣ ትእዛዛችሁንም ከመነሣታቸው በፊት ወይም በዕረፍታቸው ሰዓት እንድትሰጡ፣ ለማስረከቢያም ስልክ ሳይነካ የሚደረስበት ሰፋ ያለ ሰዓት እንድትቀጥሩ ነው። ብዙ መኪና ያለው ኩባንያ በሕግ የሚያስቀምጠው የደኅንነት ሹምም፣ የጎማና የፍሬን ምርመራውን ሲጨርስ ሳድራኑ ስንት ጊዜ እንደሚደውል ይመርምር። ሹፌር ወንድሜ ሆይ፣ አንተ ደግሞ ዌይዙን ከመነሣትህ በፊት አስተካክል፤ ሁለተኛውን ስልክ ድምፁን ዝጋና ከእጅህ አርቀው፤ ክቡን መስታወት ሳታይ አትንቀሳቀስ።

እናንተ እናቶች፣ አባቶች፣ ሚስቶችና ልጆች ግን፣ ለሹፌራችሁ ስትደውሉ ከሰላምታም በፊት «ቆመሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። አልቆምኩም ካለ፣ ነገሩ ምንም ያህል ቢያስቸኩል፣ «ስትቆም ደውልልኝ» በሉና ስልኩን እናንተ ዝጉት።